የላይኛው ጥርስ ምስክር

ወንድሜ ይሳቅ አፉን እንዳይፈታ የጸለይኩት እኔ ነኝ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እሱ ገና ዓመት አልሞላውም። ግቢው በሙሉ አንዲት ቃል ትወጣው እንደሆነ ብሎ አፍ አፉን ሲያይ፣ እኔ ጥግ ይዤ "አምላኬ፣ እባክህ እስከ አሥር ዓመቱ ዝም አሰኘው" እል ነበር። ለምን አሥር እንዳልኩ አሁን ትዝ አይለኝም። እስከዚያ አግብቼ ከድሬ የምጠፋ መስሎኝ ይሆናል።

ጸሎቴ የተሰማ መስሎኝ ስንት ወር እንደተደሰትኩ ሳስብ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ግን ያስቀኛልም። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ግቢያችን ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነበር፤ መሀሉ ላይ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ፣ ዙሪያውን ሦስት ቤት። አንዱ የእኛ ነው። እናቴ የሺመቤት ማካሮኒ ፋብሪካ ትሠራለች። አባቴ ቡልቻ፣ ሁርሶ ካምፕ የወታደር አሠልጣኝ ነው፤ ቅዳሜ መጥቶ እሑድ ይመለሳል። ቤት ሲመጣ ድምፁን እዚያው ትቶት አይመጣም። "ሀዊ፣ ውሃ!" ሲለኝ ከእኔ በፊት ጎረቤት ይነሣል።

ሁለተኛው ቤት የኤዶ ዩሩብ ነው። ኤዶ በሶማሊ አክስት ማለት ነው፤ የሥጋ ዝምድና የለንም፣ ግን እናቴ ፋብሪካ ስትውል እኔንም ይሳቅንም የምታየን እሷ ናት። ጨርቅ ትነግዳለች፣ አንዲት ፍየልም አለቻት፤ በፍየሏ ላይ ደግሞ ክፉ ቃል የተናገረን ሰው አትምርም።

ሦስተኛው የጋሽ ወልደጻድቅ ነው፤ ጡረታ የወጣ የባቡር ሰው። አንቱ ብዬ የማልጽፈው ብልግና እንዳይመስላችሁ። ድሬ ይሞቃል አቦ፣ አንቱታ እንደ ካፖርት ነው፣ ማን ይለብሰዋል! ጋሽ ወልደጻድቅ ከባቡሩ ሁለት ነገር ተርፎታል። አንዱ ፈረንሳይኛው፣ ሌላው የላይኛው ጥርሱ። ባቡሩ ደህና በነበረበት ዘመን ጅቡቲ ወርዶ ያሠራው፣ ሲስቅ ከሰውየው ቀድሞ የሚታይ ጥርስ ነው። ማታ ከሚያወልቀው ይልቅ ቀን ቢያወልቀው ይወዳል፤ ከምሳ በኋላ ከተማው ሁሉ ሲተኛ፣ እሱም ጥርሱን በብርጭቆ ውሃ ውስጥ መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ይተኛል።

ይሳቅ አራት ወር ሲሆነው ድምፅ ማውጣት ጀመረ። አንድ ቀን ኒሙ ሥር ጨርቅ ላይ ተንጋልሎ "ኧ-ሁ-ዊ" ብሎ ለቀቀው። አቤት የዚያን ቀን የተነሣው ጭቅጭቅ!

"ሆዮ አለ! ወላሂ ሆዮ አለ!" አለች ኤዶ ዩሩብ፤ በሶማሊ እናት ማለት ነው። "ይሄ ልጅ አፉን የሚፈታው በእኔ ቋንቋ ነው።"

"ምን ሆዮ ትያለሽ! ዊ ነው ያለው፣ ዊ!" አለ ጋሽ ወልደጻድቅ። "በፈረንሳይኛ እሺ አለኝ።"

እናቴ "እማ" እንደሚል እርግጠኛ ናት። አባቴ ቅዳሜ መጥቶ ሲሰማ "ተዉ እናንተ፣ የቡልቻ ልጅ መጀመሪያ አባ ነው የሚለው" ብሎ በአንድ ቃል ስብሰባውን ዘጋ። እኔን የጠየቀኝ የለም እንጂ ልጁ የጠራው ሀዊን፣ እኔን ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢው ውድድር ሆነ። ኤዶ ዩሩብ ስታጥበው በሶማሊ ታወራዋለች፣ ጋሽ ወልደጻድቅ በመስኮት "ቦንዡር ሙስዬ" ይለዋል፣ አባቴ "ተጠንቀቅ!" ይለዋል። የሌላ ሰው ልጅ የአባቴን ድምፅ ሲሰማ ያለቅሳል። ይሳቅ ግን ንቅንቅ አይልም፤ ፈገግ ብሎ የአባቴን ጢም ያያል። "ወታደር ነው!" ይላል አባቴ፣ ደረቱን ነፍቶ። እኔም ወንድሜ ጀግና መሆኑን ለትምህርት ቤት ሰው ሁሉ አወራሁ።

አሁን አውቃለሁ። ጆሮው የማይሰማ ሕፃንም እንደማንኛውም ልጅ መጀመሪያ ድምፅ ያወጣል፣ ይስቃል፣ ይጮኻል። የሚለየው ቆይቶ ነው። ሌላው ልጅ "ባባባ፣ ዳዳዳ" እያለ ምላሱን ሲያሟሽ፣ እሱ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ጨዋታው አይጥመውም፤ ይተወዋል። ያኔ ግን ይሄን የሚያውቅ ግቢያችን ውስጥ አልነበረም።

እኔ ውድድሩን የማሸንፍበት ዘዴ ያገኘሁት ከጋሽ ወልደጻድቅ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ከእንቅልፉ ነቅቶ ባዶ ድዱን እያሳየ ሲያናግረኝ አልገባኝም። ጥርሱን ሲያደርግ ነው የገባኝ። "ያለ ጥርስ ቃል አይወጣም፣ ልጄ" አለኝ። እኔም ወደ ይሳቅ አየሁ። ሰባት ወሩ ነው፤ አንድም ጥርስ የለውም። ታዲያ ምን ይዞ ይናገር? ለካ ልጁ መሣሪያ አጥቶ ነው!

በማግስቱ፣ ሁሉም ሲተኛ፣ ብርጭቆው ውስጥ እጄን ከተትኩ። ይሳቅን ኒሙ ሥር አስደግፌ ጥርሱን ወደ አፉ ሳስጠጋ... ወደቀ። ሲሚንቶው ላይ ወደቀና የፊተኛው አንድ ጥርስ ተሰበረ እንበል። ይሳቅ ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። እኔም እሱን አየሁት። ምን ይዋጠኝ! የኒዶ ጣሳ ውስጥ ከትቼ ጣሳውን የኒሙ ግንድ ላይ ባለው ጎድጓዳ ወሸቅሁት፤ የጣሳውን አፍ በጨርቅ ወተፍኩ።

ጋሽ ወልደጻድቅ ሲነቃ ጉድ ፈላ። ግቢውን ገለባበጠው፤ የሚለው ነገር ግን ለማንም አይገባም። በመጨረሻ ከመስኮቱ ሥር የፍየሏን ኮቴ አየና በጣቱ ወደ ኤዶ ዩሩብ ቤት አመለከተ።

"ፍየሌ?" አለች ኤዶ ዩሩብ። "ፍየሌ የራሷ ጥርስ አላት! ያንተን ምን ታድርገው?"

"ላይኛው የላትም!" አለ ሰውየው፤ ይቺን እንኳን ሁላችንም ሰማናት። "ፍየል ላይኛው የፊት ጥርስ የላትም! ለዚህ ነው የወሰደችው!"

የፍየሏ አፍ ተከፍቶ ታየ። በእርግጥም የላትም። ነገሩ በዚህ ተጠናከረባት። ጋሽ ወልደጻድቅ ሦስት ቀን ሙሉ ዱላ ይዞ ፍየሏን ከኋላ ከኋላ ተከተላት፤ በጠጧን በጣለች ቁጥር በዱላው ጫፍ ይበትናል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ወደ ፍየል ሲላከክ ያየሁት ግን ያኔ ነው። ኤዶ ዩሩብ ክብሯ ተነካ። "ከዛሬ ጀምሮ ይሄን ሽማግሌ አላናግርም" አለች፤ አላናገረችውምም። ሃያ ዓመት በአንድ ግቢ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ባቡሩ ቆሟል፤ ጅቡቲ መውረድ የለም። ሌላ ቦታ አሠራ ቢሉት "ድዴ የለመደው የጅቡቲ ነው" ብሎ እምቢ አለ። ጫቱን በትንሽ ሙቀጫ እየወቀጠ፣ ሾርባውን ከይሳቅ ጋር ከአንድ ድስት እየተካፈለ ተቀመጠ። በልቤ አዝንለት ነበር። ግን ከማዘን ይልቅ መፍራት ይቀለኝ ነበር።

የምፈራው ይሳቅን ነው። ያየ እሱ ብቻ ነው። አፉን የፈታ ቀን መጀመሪያ የሚለው "እማ"ም "አባ"ም "ሆዮ"ም አይደለም፤ "ሀዊ ናት" ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ወሰንኩ። አንደኛ፣ እኔ ከዚህ ልጅ ጋር ቃል አልለዋወጥም፤ ቃል ከሰማ ቃል ይለምዳል። ሌሎቹ ያውሩት፣ በእኔ በኩል ግን አንድም ቃል አያገኝም። ሁለተኛ፣ ዝም ማለትን አስተምረዋለሁ። እናቴ "ዝም አይነቅዝም" ትል የለ?

ያለ ቃል ደግሞ ልጅ እንዴት ይጠበቃል? በእጅ ነዋ! ጣቴን አፍንጫዬ ላይ ካደረግሁ ምስጢር ነው። የላይኛው ጥርሴን ካንኳኳሁ ጥርሱ ነው፤ ከዚያ ወደ ዛፉ እጠቁማለሁ፣ ከዚያ ጣት ወደ አፍንጫ። ይሄን በቀን አሥር ጊዜ አስጠናዋለሁ፤ ጣሳውን እያወጣሁም አሳየዋለሁ፣ ምን እንደሚደብቅ በደንብ ይወቅ ብዬ። እያደር ተጨመረ። ጡጦ፣ ፍየል፣ ሙቀት፣ አባዬ መጣ፣ እንሂድ። ቅንድቤን ሽቅብ ካደረግሁ ደግሞ "ከኋላህ ሰው አለ፣ ዙር" ማለት ነው፤ ይቺ ጣሳውን ስናወጣ ለጥበቃ የፈጠርኳት ናት። እሱም ይመልስልኝ ጀመር። ሳቁን ብታዩ! ሌላው ሰው ሲያወራው ዓይኑ ይቅበዘበዛል፤ እኔ እጄን ሳነሣ ግን እጁንም እግሩንም እያወራጨ ይመጣል። ታማኝነቱ አስገረመኝ። ዓመት ሞላው፣ ዝም። ዓመት ከሁለት ወር፣ ዝም። "እንዲህ ያለ ምስጢር ጠባቂ!" እላለሁ።

እናቴ ግን መክሳት ጀመረች። አንድ ቀን ልብስ እያጠቡ ኤዶ ዩሩብ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "የሺ፣ አትቆጪኝ። ጆሮውን አሳዪው" ስትል ሰማሁ።

"ምን ሆነ ጆሮው? ወንድ ልጅ ይዘገያል።"

"አዲስ አበባ ውሰጂው። እዚያ በማሽን አይተው የውስጡን ሁሉ ይነግሩሻል።"

የውስጡን ሁሉ! በማሽን! የኒዶው ጣሳ እዚያ ማሽን ላይ ቁልጭ ብሎ ሲታይ፣ አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ለእናቴ ደብዳቤ ሲጽፍላት ታየኝ።

"እስቲ እዚሁ እንሞክረው" አለች እናቴ። "ካልዞረ እወስደዋለሁ።"

ይሳቅን መሬት ላይ አስቀመጡት፤ እኔ ፊት ለፊቱ ነኝ። ኤዶ ዩሩብ ከኋላው ሁለት የድስት ክዳን ይዛ ቆመች። ካልዞረ አዲስ አበባ፣ ማሽን፣ ጣሳ። ክዳኖቹ ሲጋጩ ቅንድቤን ሽቅብ አደረግሁ። ይሳቅ ቀስ ብሎ ዞረ።

እናቴ እልል አለች። አንሥታ ሳመችው፣ አለቀሰች፣ ኤዶ ዩሩብን አቀፈቻት። ቅዳሜ ደግሞ አባቴ ከኋላው "ቀኝ ኋላ ዙር!" ብሎ ሲጮኽ ቅንድቤ ሥራዋን ሠራች። "አላልኩም? ወታደር ነው!" አለ። ሁሉም ተደሰተ። እኔም ጎበዝ ልጅ ነኝ ብዬ ተኛሁ።

በዚያች ቅንድብ ወንድሜ ስድስት ወር ዘገየ። ማንም አልቆጣኝም፣ ሕፃን ነበርሽ ይሉኛል። እኔ ግን ስድስት ወሩን አልረሳሁትም፤ እንዲህ እየሳቅሁ የማወራውም ለዚሁ ነው።

ዓመት ከስምንት ወሩ ላይ ሳል ያዘውና እናቴ ሁለታችንንም ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሲስተር ሃኒ የምትባል ቀጭን ነርስ ደረቱን አዳመጠችው፣ "ቀላል ነው" አለች። ከዚያ ፊቱን ትክ ብላ አየችው። "ስንት ቃል ያወራል?"

"ገና ነው" አለች እናቴ። "ግን ይሰማል! ሞክረነዋል።"

ሲስተር ሃኒ ከኋላው ሄዳ የመድኃኒት ቆርቆሮ አንኳኳች። ቅንድቤን አነሣሁ፤ ዞረ። እናቴ "አየሽ!" አለች። ነርሷ ግን እሱን አይደለም ያየችው፤ እኔን ነው።

"ያንቺ ስም ማነው?"

"ሀዊ።"

"ሀዊ፣ እስቲ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙሪ።"

ቅጣት መሰለኝ፤ ተያዝኩ ብዬ ዞርኩ። ግድግዳው ላይ የክትባት ስዕል ነበር። ከኋላዬ ቆርቆሮው ጮኸ። ጸጥ አለ። እንደገና፣ ከበፊቱ አጠንክራ መታችው። ሦስተኛውን ስትመታ እኔ ራሴ ዘለልኩ። ከዚያ የእናቴ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ሰማሁ።

"ሁርሶ ድረስ የሚሰማ ድምፅ ነው እኮ የአባቱ" አለች እናቴ፤ ለማን እንደምትናገር አላወቅሁም። "እሱን ሰምቶ ዞሯል እኮ።"

"አልሰማም፣ እህቴ" አለች ሲስተር ሃኒ በዝግታ። "እሷን አይቶ ነው የሚዞረው።"

እናቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። "በቃ አይናገርም ማለት ነው?" አለች።

ያኔ አላስቻለኝም። እኔ ነኝ ዝም ያሰኘሁት! ስሮጥ ሄጄ አፌን ጆሮው ላይ ደቀንኩ። "ተናገር! ይሳቄ፣ ንገራቸው! ሀዊ ናት በላቸው፣ ፈቅጄልሃለሁ!" ብዬ ጮኽኩ። የጤና ጣቢያው ሰው ሁሉ በር ላይ መጣ። ይሳቅ ግን አንገቱን ኮርኩሬው እንደሆነ ሁሉ ሳቀ። እንባዬን ሲያይ ደነገጠና በእጁ ጠየቀኝ፤ ጡጦ? ሙቀት? እንሂድ?

ሲስተር ሃኒ እጁን ተከትላ አየች። "ይሄን ማን አስተማረው?" አለች። "ስንት ያውቃል?"

"አላስተማርኩትም" አልኩ እያለቀስኩ። "እንዳይናገር ብዬ ነው።"

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም። ግን እናቴን በጉልበቷ ተንበርክካ "ልጅሽ በእጁ እያወራ ነው" ስትላት ትዝ ይለኛል። እናቴ የሰማቻት አልመሰለኝም።

ሦስት ቀን እናቴ ከማንም ጋር አልተነጋገረችም። ፋብሪካ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ይሳቅን አቅፋ ኒሙ ሥር ትቀመጣለች። ኤዶ ዩሩብ ጋሽ ወልደጻድቅን አታናግርም፣ አባቴ ቅዳሜ መጥቶ ሰምቶ ድምፁ ጠፋ። ያን ያህል የሚያወራ ግቢ እንደዚያ ዝም ሲል ፍየሏ እንኳን ግራ ገባት።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። ሁሉም ጥላው ውስጥ ነበር። ጋሽ ወልደጻድቅ ሾርባውን ፉት ሲል ይሳቅ ከእናቴ ጭን ወረደና ውልግድ ውልግድ እያለ ሄዶ ፊቱ ቆመ። የሽማግሌውን አፍ አየ። ከዚያ ያበቀላቸውን የላይኛ ጥርሶቹን በጣቱ አንኳኳ።

እጁን ዘርግቶ ወደ ዛፉ ጠቆመ። የሰውየውን ሱሪ ይዞ ጎተተ፤ ጎድጓዳው ሥር አደረሰውና እንደገና ጥርሱን አንኳኳ፣ እንደገና ወደ ላይ ጠቆመ። እኔ ከሩቅ ጣቴን አፍንጫዬ ላይ አደረግሁ፤ በሁለት እጄ ማለት ይቀላል። አየኝ። እሱም ጣቱን አፍንጫው ላይ አደረገ። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ጣቱን አወረደና፣ ክንዱን በሙሉ ዘርግቶ፣ ወደ እኔ ጠቆመ።

አባቴ እጁን ጎድጓዳው ውስጥ ከቶ ጣሳውን አወጣ። ጨርቁን ነቀለ። የጅቡቲው ጥርስ፣ አንድ ጎድሎበት፣ ከነግርማው ወጣ።

መጀመሪያ የሰማሁት የእናቴን ድምፅ ነው።

"ነገረ" አለች። "ልጄ ነገረ!" ብድግ አለች። "ሰማችሁት? ጥርሱ እዚህ ነው፣ የወሰደችው እሷ ናት አለ! አንድም ነገር አልቀረው! ሁሉንም ነገረን እኮ!" በአንድ እጇ ይሳቅን አቅፋ ትስመዋለች፣ በሌላው እጇ ጭኔን ይዛ ትመዘልገኛለች። ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ትቆነጥጠኛለች፣ እኔንም ትስመኛለች። ኤዶ ዩሩብ እልልታውን አቀለጠችው። ለሰባቂ እልል ሲባል ድሬ ያኔ ነው ያየችው። አባቴ መሬት ላይ ቁጢጥ አለና ልጁን በዓይኑ እያየ፣ ያለ ድምፅ፣ በጣቱ ጥርሱን አንኳኳ። ይሳቅም አንኳኳለት። እኔ ጭኔን እያሻሸሁ አለቀስኩ፤ ግማሹ ከሕመም ነው፣ ግማሹ ደግሞ ከደስታ።

ጋሽ ወልደጻድቅ ጥርሱን አጥቦ አደረገው። በጎደለው በኩል እያፏጨ "ዩሩብ፣ ፍየልሽን ይቅርታ በይልኝ" አለ።

"ራስህ በላት!"

ሄደ። ፍየሏ ፊት ባርኔጣውን አወለቀ። "ፓርዶን፣ ማዳም" አላት።

ይሳቅ ዛሬ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረው የምልክት ቋንቋ የእኔን መናኛ ምልክቶች ሁሉ ዋጣቸው፤ ጥርስን ማንኳኳት ብቻ ቀርታለች፣ በእኛ ቤት "እውነቱን አውጣ" ማለት ሆናለች። እንዲያወራ የተጨነቁት ሁሉ አንድ ቃል ሳያደርሱለት፣ እንዳያወራ የለፋሁት እኔ አፉን ፈታሁለት። እናቴ ይቺን ለሰው ማውራት አይሰለቻትም።

ይሄን ጽፌ ስጨርስ ከጀርባዬ ቆሞ ሲያነብ አገኘሁት። ጥርሱ ወደቀ ያልኩበት መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ። "አልወደቀም" አለኝ በእጁ። "ከረሜላ ሰበርሽበት።"

የሰባት ወር ልጅ ይሄን ሊያስታውስ አይችልም። ሊሆን አይችልም! ለማንም አውርቼው አላውቅም፤ መጀመሪያ ጥንካሬውን ልፈትን ብዬ ነው፣ ከረሜላው ደግሞ ድንጋይ ነበር። በዓይኔ ለመንኩት፤ ጣቴንም አፍንጫዬ ላይ አደረግሁ።

ጣቱን አፍንጫው ላይ አደረገ። ትንሽ አሰበ። ከዚያ እናቴን ሊጠራ ሄደ።